ሐኪም ያደረግኳት ነፍሰ ገዳይ

ማስረዳት እወዳለሁ። ይህን አስቀድሜ ማስረዳት አለብኝ፤ አለበለዚያ ያ ሁሉ ጣጣ ለምን እንደ ደረሰብኝ አይገባችሁም። አቃቂ ገበያ አጠገብ ላለ ጎሚስታ ጎማ ከምን ከምን እንደሚሠራ ያስረዳሁ ሰው ነኝ። ሰውየው ሥራውን አቁሞ በትዕግሥት አዳመጠኝና፣ «ቲቸር፣ አሁን ልለጥፈው ወይስ ገና አልጨረስክም?» አለኝ። የተነፈሰው ጎማ እንኳ የእኔ አልነበረም። መንገድ ስሻገር አይቼው ነው የቆምኩት።

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። የደረት ኪሴ ውስጥ ሦስት እስክሪብቶ አይጠፋም፤ ጥቁሩ ለመጻፍ፣ ቀዩ ለማረም፣ አረንጓዴው ለማበረታታት። በዚህ ላይ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ኃላፊ አድርገውኛል። ማንም ስላልፈለገው ነው የሰጡኝ፤ እኔ ግን እንደ ሹመት ነው የተቀበልኩት።

የምኖረው አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ እማማ ዘነቡ ቤት ተከራይቼ ነው። እማማ ዘነቡ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠርተዋል፤ የመጨረሻውን አሥራ ስምንቱን ጥራት ቁጥጥር ክፍል። ጨርቁ በፊታቸው እንደ ወንዝ ሲያልፍ ቆመው የተበጠሰችውን አንዲት ክር የሚይዙ ዓይኖች ነበሯቸው። «ነበሯቸው» ማለቴን ልብ በሉልኝ። እኔ ግቢው ስገባ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት፣ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት። ሁለት ዓመት ሙሉ በሩን ስከፍት «መምህር፣ አንተ ነህ?» ይሉኛል፤ «እኔ ነኝ እማማ» እላለሁ። መልኬን አያውቁትም።

ሐኪሞቹ በቀላሉ ይድናል ብለዋል። እማማ ግን ሁለት ጊዜ ተቀጥረው ሁለቱንም ቀሩ። በመጀመሪያው ጉንፋን ያዘኝ አሉ፤ በሁለተኛው ማኅበር አለብኝ አሉ። እውነቱን ግቢው ሁሉ ያውቀዋል፤ ፈርተዋል። የሥራ ባልደረባቸው የነበረች አንዲት ሴት ለሌላ ሕመም ሆስፒታል ገብታ፣ አስተኝተዋት ሳትነቃ ቀርታለች። «ዓይኔን ብቻ ቢሆን ግድ የለኝም፤ መተኛቱ ነው» ይላሉ።

ሦስተኛው ቀጠሮ ረቡዕ ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለብቻዬ ጠርታ፣ «ይኸኛውን ከቀሩ ሞራው እየደደረ ይሄዳል፤ ተራም በቀላሉ አይገኝም። አንተ የተማርክ ነህ፣ አስረዳቸው» አለችኝ። ይህን ቃል ለእኔ ማለት ለእሳት ገለባ ማቀበል ነው።

ሙሉ ቅዳሜን ፈጅቼ ትልቅ ካርቶን ላይ የዓይንን ክፍሎች በአራት ቀለም ሳልኩ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ በመጥረጊያ እንጨት እየጠቆምኩ፣ «ይህ ብሌን ነው፣ ይህ ሌንስ ነው፣ ሞራው የሚይዘው እዚህ ጋ ነው» እያልኩ ሃያ ደቂቃ ያህል አስረዳሁ። እማማ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሳያቋርጡ አዳመጡኝ። መጨረሻ ላይ፣ «ልጄ፣ ወዴት ነው የምትጠቁመው?» አሉኝ።

ለማያይ ሰው በአራት ቀለም ሥዕል! እፍረቴን ለመሸፈን ደግሞ ተቻኮልኩና፣ «ቀላል ነው እማማ፣ ያረጀው ሌንስ ይወጣና በምትኩ አዲስ ይገባል» አልኩ።

«ይወጣና?» አሉ ቀስ ብለው። «ወጥቶ የት ይቀመጣል?»

ያን ዕለት የረቡዕን ነገር ድጋሚ እንዳላነሣባቸው አስጠነቀቁኝ።

በማግስቱ እሑድ ነው ፊልሙ የመጣው። ለክበቡ ልጆች የፊልም አስተያየት እንዴት እንደሚጻፍ ላስተምር አስቤ፣ አንዲት ባልደረባዬ በፍላሽ ፊልም ሰጥታኝ ነበር። «ሴት ሰላይ ናት፤ አለባበሷ ብቻ ያስደነግጥሃል» አለችኝ። ለልጆች የሚሆን መሆኑን አስቀድሜ ማየት ነበረብኝ። የእኔ ላፕቶፕ ስክሪኑ ግማሹ ጠፍቷል፤ ግቢው ውስጥ ደህና ቴሌቪዥን ያለው የማያዩት እማማ ዘንድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን እንደ ተመለሱ አስፈቀድኳቸው።

«ክፈተው፤ ግን ምን እንደሚሆን እየነገርከኝ» አሉ።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ግብዣ ተጋብዤ አላውቅም።

ድምፁን የሰማ ጎረቤት ገባ። ሃምሳ አለቃ ገረመው፣ ከማረሚያ ቤት ጥበቃ ጡረታ የወጡት የአጥር ጎረቤታችን፣ ዱላቸውን ተደግፈው ወንበር ያዙ። የግቢው በር ላይ ፀጉር ቤት ያላት ሜሮን መጣች። ከኋላ ቤት የሚኖረው ባጃጅ ነጂው ጫላ፣ ለምሳ እንደ ገባ እዚያው ቀረ። እኔ ደግሞ አምስት ጥያቄ ያለው የአስተያየት ቅጽ አዘጋጅቼ ስለነበር ለእያንዳንዳቸው አደልኩ። «ፈተና ነው እንዴ?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

ፊልሙ ተጀመረ። እንግሊዝኛ ነው፣ የአማርኛ ትርጉም የለውም። አንዲት መልከ መልካም ሴት፣ ጓንት ያጠለቀች፣ ሆቴል ገብታ ከአንድ ወፍራም ሰውዬ አጠገብ ተቀመጠች። ከቀለበቷ ውስጥ ነጭ ዱቄት አውጥታ ብርጭቆው ውስጥ ጨመረች።

«ምን እያደረገች ነው?» አሉ እማማ።

ሰውየው ጠጣ። ዓይኑ ተገለበጠ። ረቡዕ ትዝ አለኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ሐኪም ቤት የሚገቡ፣ ያውም ከቅዳሴ መልስ ያሉ አሮጊትን «መርዝ ሰጥታ ገደለችው» ልበላቸው?

«መድኃኒት ሰጠችው» አልኩ።

«ምኑን ታሟል?»

«ደም ግፊት አለበት።»

ሰውየው ከነወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «ምንድን ነው የወደቀው?»

«እሱ… ጋደም አለ።»

«ወዲያው ተሻለው? አይ መድኃኒት!» አሉ እማማ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ጫላ በመዳፉ አፉን ያዘ። ሃምሳ አለቃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «መምህር፣ እኔ በሐሰት አልመሰክርም» አሉኝ። «ዝም ብቻ ይበሉ ጋሼ፤ ለረቡዕ ስል ነው» አልኳቸው።

እንግዲህ ውሸት እንደ ተማሪ ነው፤ አንዱን ከፈቀድክለት አርባው ይወጣል። ልጅቷን ስሟን «ሰላም» አልኳት፤ ሐኪም ናት፣ አገር ለአገር እየዞረች ሕመምተኛ ትጎበኛለች አልኩ። ሰገነት ላይ ወጥታ በባለ መነጽር ጠመንጃ አንዱን ስትመታ በሩ በነፋስ ተጋጨ፣ ሕመምተኛውም ጋደም አለ አልኩ። ሁለተኛ ስትተኩስ ሌላ በር ሆነ። ሦስተኛ ላይ፣ «የዚህ አገር ሰው በር አይዘጋም እንዴ?» አሉ እማማ።

ተመልካቾቼም አላገዙኝም። ሰላም በገመድ ታስራ ከነበረችበት እስር ቤት በመስኮት ስትወጣ ሃምሳ አለቃ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ቁልፉን ማን ፈርሞ አወጣላት? ተረኛው የት ሄደ? አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቆጠራ የለም?»

«ሐኪሟ ታስራለች?» አሉ እማማ።

«እስረኛ ልታክም ገብታ ነው» አልኩ።

«ታዲያ በመስኮት ለምን ትወጣለች?»

«በሩ… በነፋስ ተቆልፎ።»

መኪና ማባረሩ ሲጀመር ጫላ አበደ። «በዚያ ተረከዝ ፍሬን ልትረግጥ? ያ ዋቃዮ! እኔ ነጠላ ጫማ አድርጌ ስነዳ አስቁመውኛል!» ሜሮን በበኩሏ የልጅቷን ፀጉር ነው የምታየው። «ወንዝ ገብታ ወጣች፣ ግድግዳ ዘለለች፣ አንዲት ዘለላ አልተነካችም! ቲቸር፣ ምን ቀብታ እንደሆነ ጽፈው ከሆነ አንብብልኝ።»

«ለድንገተኛ ሕመምተኛ ነው የምትሮጠው?» አሉ እማማ።

«ለድንገተኛ ነው።»

መሳሳሙ ላይ ሁላችንም ዝም አልን። ሃምሳ አለቃ የዱላቸውን ጫፍ መመርመር ጀመሩ። «ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ እማማ። «እየተሰነባበቱ ነው» አልኩ። ጥቂት ጠብቀው፣ «ሩቅ አገር ነው የሚሄደው መሰለኝ» አሉ።

መርከብ ላይ ሦስት ሰው ስትገድልም ሦስቱም መድኃኒታቸውን ወስደው ተኙ አልኩ። ይህ ሁሉ መልካም ነበር። ከዚያ ግን ልቅሶ መጣ፤ ጥቁር የለበሱ ሰዎች፣ ሬሳ ሣጥን፣ ደወል። «ማን ሞተ?» አሉ እማማ ቀና ብለው።

«ማንም። ሠርግ ነው።»

«እየተለቀሰ?»

«የሙሽራዋ እናት ናት።»

እማማ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «ቆይ። ያ የደም ግፊቱ ተኛ አልክ። የሰገነቱም ተኛ። በመርከብ ላይ ያሉት ሦስቱም ተኙ። ከነዚህ ውስጥ የተነሣ አልነገርከኝም።» ፊታቸው ጨለመ። «ይቺ ሐኪም ያስተኛችው ሰው አይነሣም። አላልኩህም? ረቡዕ አልሄድም።»

በገዛ እጄ፣ ገዳይ እንዳይፈሩ ብዬ ሐኪም እንዲፈሩ አድርጌያቸው አረፍኩ። «ተነሥተዋል! ሁሉም ተነሥተዋል! ይኸው ወፍራሙ ሰውዬ ቁርስ እየበላ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ስክሪኑ ላይ ሣጥኑ ወደ ጉድጓድ እየወረደ ነበር። ጫላ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውጭ ሮጠ። እማማ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፤ አበቃ ማለታቸው ነው።

በዚህ መካከል ነው ሜሮን «እመቤቴ!» ብላ የጮኸችው።

ልጅቷ በትልቅ አዳራሽ ደረጃ እየወረደች ነበር። እስከ መሬት የሚደርስ ቀሚስ ለብሳለች። ሽጉጡ የት እንደተደበቀ እንኳ የጠየቀ የለም፤ ሁላችንም ቀሚሱን ነው ያየነው።

«ምን ለበሰች?» አሉ እማማ።

«ረጅም አረንጓዴ ቀሚስ» አልኩ።

«የምን አረንጓዴ? ሰማያዊ ነው እንጂ!» አለች ሜሮን።

ጫላ ተመልሶ ገብቶ ነበር። «አረንጓዴ ነው፤ ቲቸር ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረ» አለ። ሃምሳ አለቃ፣ «ሰማያዊ ነው፤ የደንብ ልብስ ቀለም እኔ አላጣም» አሉ። እኔም አረንጓዴ እስክሪብቶዬን ከኪሴ መዝዤ በማስረጃነት ስክሪኑ ላይ ለጠፍኩ። ሜሮን የጥፍሯን ቀለም አምጥታ ከጎኑ አቆመች። ጩኸቱ መንገድ ተሰማ።

«ዝም በሉ!» አሉ እማማ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሳቸው ሰምቼ አላውቅም። የሥራ ድምፅ ነበር። «መልሰው።»

መለስኩት። «ስትራመድ ጨርቁ ይንኮሻኮሻል ወይስ ይፈሳል?» አላወቅንም። «ሲታጠፍ ጠርዙ ላይ ብርሃን ያድራል?» ተያየን። «ስፌቱ በጎን ነው በመሐል?» ሦስት ጊዜ አስመለሱኝ። በመጨረሻ ተነሥተው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ቴሌቪዥኑ ዘንድ ሄዱና አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጉ። አውራ ጣታቸውን ቀሚሱ ባለበት መስተዋት ላይ አድርገው እንደ ድሮው አሻሹት። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ። ፊልሙ እስኪያልቅ አንድም ነገር አልጠየቁኝም፤ እኔም አንድም ነገር አላስረዳሁም።

ቅጹን ስሰበስብ፣ «የኔንስ? ጻፉ ብለህ የለ?» አሉ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ማንበብና መጻፍ የተማሩ ናቸው። እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። ጻፉ፤ ፊደሉ ከመስመሩ ወጣ፣ ከመስመሩም አልፎ ወረቀቱን ለቀቀ፣ የመጨረሻው ቃል የጠረጴዛው ላስቲክ ላይ አለቀ። ወረቀቱ ላይ የቀረው «ቀሚሱን» የሚለው ብቻ ነበር። ላስቲኩን እስከ ዛሬ ማንም አልጠረገውም።

ረቡዕ ማለዳ ለትምህርት ቤት ስወጣ፣ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመዋል። ጫላም ባጃጁን አስነሥቶ ይጠብቃል።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«ቀጠሮዬ አይደል?»

«እሑድ አልሄድም ብለው…»

«አራት ዓይናማ ሰው ተሰብስባችሁ አንድ ቀሚስ ማየት አቃታችሁ» አሉ። «ምን ላድርግ?»

ለርእሰ መምህሩ ደውዬ አስፈቀድኩ። የጭነት መኪኖቹን እየሸሸን፣ ከጫላ ጋር እየተነጋገርን፣ የከተማው ባቡር መጨረሻ ጣቢያ ቃሊቲ ደረስንና ከዚያ ወደ ከተማ፣ ወደ ሆስፒታሉ ተሳፈርን። እዚያ የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። እማማ ድምፅዋን እንደ ሰሙ እጇን ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ «የኔ ልጅ፣ አንቺ የምታስተኛቸው ይነሣሉ?» አሏት። እኔ ወለሉን አየሁ። «አናስተኛዎትም እማማ» አለች ሐኪሟ፤ «ዓይንዎን ብቻ ነው የምናደነዝዘው፤ እንደነቁ፣ እየተጨዋወትን ነው።» እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄንን ነበር ማስረዳት» አሉ።

በማግስቱ የቀኝ ዓይናቸው ፋሻ ሲፈታ አጠገባቸው ነበርኩ። መጀመሪያ እጃቸውን አዩ፤ ግራና ቀኝ አገላበጡት። ከዚያ እኔን።

«መምህር፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ድምፅህ የትልቅ ሰው ነበር እኮ» አሉ። «ልጅ ነህ ለካ!» ቀጥለውም ጣታቸውን ወደ ሸሚዜ ኮሌታ ዘርግተው፣ «ይሄን እንዲህ የተተለተለ ነገር ለብሰህ ነው ሁለት ዓመት ሰው ፊት የምትቆመው?» አሉኝ።

የዓይን ጠብታውን ሰዓት በሦስት ቀለም ሠርቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ማንም ሳያነብላቸው አነበቡት። ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም። «ያቺን ልጅ መቼ ነው የምታሳየኝ?» ይሉኛል በየቀኑ። እኔም ፍላሹ ጠፋ አልኩ፤ ሲገኝ ቫይረስ በላው አልኩ። በውሸት የተኙትን ሁሉ አሁን በዓይናቸው ሞተው ሊያዩአቸው ነው። ሁለት ዓመት ድምፄን ብቻ አምነው የኖሩ ሰው፣ ከዚያ በኋላ «ዝናብ መጣ» ብላቸው ልብስ ከገመድ ያወርዳሉ?

በሦስተኛው እሑድ ጫላ ፊልሙን በስልኩ ጭኖ መጣና ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። «ከጓደኛዬ አገኘሁት!» አለ፤ ደስ ብሎት፣ ወደ እኔ ሳያይ።

ያው ሰው፣ ያው ወንበር። እማማ ከሆስፒታል የተሰጣቸውን ጥቁር መነጽር አድርገዋል። «እማማ፣ እርስዎም ሰላይ መሰሉ!» አለች ሜሮን። እኔ በሩ አጠገብ፣ እንደ ተከሳሽ፣ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ፊልሙ ተጀመረ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ዘጋሁ።

ወፍራሙ ሰውዬ ወደቀ።

«የደም ግፊቱ ይሄ ነው?» አሉ እማማ።

«አዎ እማማ።»

«ሞቷል እኮ።»

«አዎ እማማ።»

ሰገነቱ መጣ። «በሩ ይሄ ነው?» ልቅሶው መጣ። «ሠርጉም ይሄ ነው። ሙሽሪት ሣጥን ውስጥ ናት?» ሃምሳ አለቃ እንኳ አዘኑልኝ መሰለኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሳሳሙ ላይ እማማ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው አዩና መለሱት። «ሩቅ አገር አልሄደም» አሉ።

አላስቻለኝም። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ረቡዕን እንዳይፈሩ ብዬ ነው። ዋሽቻለሁ።»

«ዓይኔ ነው እንጂ የታመመው ጆሮዬ ደህና ነበር» አሉ፣ ከስክሪኑ ሳይነቀሉ። «በዚህ ሰፈር ያ ሁሉ ዘመን ሲያልፍ ኖሬ፣ የጥይትን ድምፅ ከበር አልለየውም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ስታስረዳኝ ደስ ብሎህ ነበር» አሉ። «ደግሞ ማን እንዲያ ደክሞ ዋሽቶልኝ ያውቃል? የሣጥኑ ጊዜ ግን እውነትም ፈርቼ ነበር። ያኔ ውሸቱ ላንተ ለራስህም ጠፋብህ።»

ወዲያው «አቁመው!» ብለው ጮኹ። ቀሚሱ ደረጃው አናት ላይ ቆሟል።

ጫላ አቆመው። እማማ ተነሡ። ግድግዳ አልዳበሱም። ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ «ቀስ አድርገህ ልቀቀው… አሁን አቁም… ልቀቀው» እያሉ፣ ልጅቷ ሦስት ደረጃ ስትወርድ አብረዋት ወረዱ።

«ሁላችሁም ልክ ናችሁ» አሉ በመጨረሻ። «ድሩ አረንጓዴ ነው፤ ማጉ ሰማያዊ። ቀጥ ብላ ስትመጣ ድሩን ታያላችሁ፤ ዞር ስትል ማጉ ይወጣል። ከባድ ሥራ ነው፤ አንድ ክር ከላላ ያስታውቃል። የዚህ አልላላም።» ቀጥለውም ፍርድ እንደ ሰጠ ዳኛ ተመልሰው ተቀመጡ። ሃምሳ አለቃና ሜሮን እጅ ተጨባበጡ።

የቀረውን ፊልም ማን እንደ ገደለና ማን እንደ ተረፈ አላየሁትም። ዓይኔ ላይ የሆነ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ማስረዳት እችላለሁ፤ ይቅርብኝ።

ሲያልቅ እማማ፣ «ቅጹስ?» አሉ። ያለ ቅጽ ፊልም አይታይም ብለው ያምናሉ። አንድ የተረፈኝን ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ክንዳቸው እስከ ደረሰ ድረስ ከዓይናቸው አርቀው ይዘው አራቱን ጥያቄዎች ዘለሉና አምስተኛው ላይ ደረሱ፤ «ይህን ፊልም ለሚያይ ሌላ ሰው ምን ይመክራሉ?» ይላል። ረጅም ጊዜ ወስደው፣ ቀስ ብለው ጻፉ፣ አቀበሉኝም።

«መምህሩ አጠገብ ሆኖ ቢታይ ይሻላል።»

ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሴ አወጣሁ፤ ልማድ ነው። የማርመው ግን አልነበረም። ፊደሎቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመሩ ላይ ቁጭ ብለዋል።